የግሽ ዓባይ ዓመት፦ ከመስከረም እስከ ጳጉሜን በወንዙ ራስጌ

ግሽ ዓባይ በምዕራብ ጎጃም ዞን የሰከላ ወረዳ መቀመጫ ናት። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ፣ በግሽ ተራራ አካባቢ የተቆረቆረች ትንሽ የደጋ ከተማ ስትሆን ስሟ ከመጠኗ ጋር አይመጣጠንም። ወደ ጣና ከሚገቡት ወንዞች ሁሉ ትልቁ ግልገል ዓባይ የሚፈልቀው ከዚሁ ካለ ረግረጋማ መስክ ነው። ዓባይ ከወዴት ይነሣል ብሎ የሚጠይቅ ኢትዮጵያዊ መልሱን ፍለጋ ጢስ ዓባይን፣ ጣናን አልፎ እዚህ ይደርሳል። በደርግ ዘመን በጎጃም ዝናን ያተረፈው የኪነት ቡድንም የተጠራው በዚሁ ስም ነበር።

ለመንገደኛ አስቀድሞ መነገር ያለበት ነገር አለ፤ ግሽ ዓባይ ፏፏቴ የላትም። ስሙ ስለሚቀራረብ ከጢስ ዓባይ ጋር የሚያምታቷት ብዙዎች ናቸው። ጢስ ዓባይ ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ወንዙ ከጣና ከወጣ በኋላ ከገደል የሚወረወርበት ስፍራ ነው። ግሽ ዓባይ ግን በተራራማው ሰከላ ከሣር መካከል የሚፈልቅ ምንጭ ነው፤ ውኃው ከምንጩ ወጥቶ መንገድ ሲጀምር ልጅ ዘሎ የሚሻገረው ቦይ ያህላል። ግዙፍ ነገር አያለሁ ብሎ የመጣ ሰው ቅር ሊለው ይችላል። አንድ ቀን ደርሶ ለሚመለስ ስፍራው አንዲት የታጠረች የውኃ ዐይን ብቻ ነው። ዓመቱን የተከታተለ ግን ውኃው ከገብሱ፣ ከፈረሱ፣ ከጠበሉና ከጭቃው ጋር እንዴት እንደተሳሰረ ያያል፤ ለዚህች ከተማ የሚገባውም አጎበኛኘት ይህኛው ነው።

ሰከላ ውኃ የሚከፈልበት ምድር ነው። በሰሜን በኩል ባለው ተዳፋት የዘነበው ዝናብ ወደ ግልገል ዓባይ ይገባል፤ ከዚያም ወደ ሰሜን ተጉዞ፣ 900 ሜትር ያህል ወርዶ ጣና ይደርሳል። የጣና ወለል ከባሕር ጠለል በላይ 1,786 ሜትር ገደማ ነው። ውኃው በባሕር ዳር ከሐይቁ ወጥቶ ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ ቀጥሎ ወደ ደቡብ፣ በመጨረሻም ወደ ምዕራብ እየታጠፈ ጎጃምን ይዞራል። በደቡብ በኩል የዘነበው ግን በብርና በፈጣም አድርጎ በአጭሩ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል። በአንድ ሌሊት በአንድ ሸንተረር ላይ የወረደ ዝናብ ለሁለት ተከፍሎ፣ አንዱ አቋራጩን ይዞ፣ ሌላው ጎጃምን በሙሉ ዞሮ በገደሉ ውስጥ ይገናኛል። ኦሪት ዘፍጥረት በምዕራፍ ሁለት የኢትዮጵያን ምድር ይከባል ያለውን ግዮን አባቶች ዓባይ ነው ሲሉ ይህን ዙሪያ ያየ ሰው አባባላቸው አይገርመውም።

ከአዲስ አበባ የሚመጣ መንገደኛ በጎሐ ጽዮን በኩል ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል፤ በ2001 ዓ.ም. መግቢያ በተመረቀው የሕዳሴ ድልድይ ተሻግሮ ወደ ደጀን ይወጣል። በ300ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ ደብረ ማርቆስን፣ ቀጥሎ ደምበጫን አልፎ የዞኑ ዋና ከተማ ፍኖተ ሰላም ይደርሳል። ቀድሞ ወጀት ትባል የነበረችው ፍኖተ ሰላም በ1,900 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ሞቃታማ ከተማ ናት፤ ዙሪያዋ በቆሎና በርበሬ ነው። ቀጥላ ያለችው ቡሬ በበርበሬ ገበያዋ የታወቀች፣ በቅርብ ዓመታት ደግሞ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክና ትልቅ የዘይት ፋብሪካ የተተከለባት ናት። በየካቲት 1933 ዓ.ም. ጌዴዎን የተባለው ጦርና አርበኞች የጣሊያንን ሠራዊት ያስለቀቁትም ከዚችው ቡሬ ነበር፤ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ሲመለሱ በዚሁ መስመር አልፈው በመጋቢት መጨረሻ ደብረ ማርቆስ ገቡ።

ከቡሬ በኋላ አየሩ ይለወጣል። መንገዱ እየወጣ ሲሄድ የበቆሎው ማሳ ለገብስና ለድንች ይለቃል፤ የባሕር ዛፍና የቀርከሃ ጥላ ይበዛል፤ በቲሊሊ ላይ ከዋናው አስፋልት ወደ ሰከላ ሲታጠፉ ጋቢ የለበሰ ሰው ከነጠላ ለባሹ ይበልጣል። ከባሕር ዳር የሚነሣ ደግሞ መራዊን፣ ወተት ዓባይን፣ ዱርቤቴን፣ ዳንግላንና እንጅባራን አልፎ ቲሊሊ ይደርሳል። በወተት ዓባይ ድልድይ ላይ ቆም ማለት ይበጃል። ከሥር የሚያልፈው ሰፊ ወንዝ ያው ግልገል ዓባይ ነው፤ መንገደኛው በዚያው ዕለት ራስጌው ላይ ሲደርስ የውኃውን ዕድገት ለመገመት የሚረዳው ይህ ንጽጽር ነው።

በግሽ ዓባይ ትልልቅ የመዝናኛ ሆቴሎች የሉም። ያለው ቀለል ያለ አልጋ፣ ምግብ ቤትና ሻይ ቤት ነው። ከሚመጣው እንግዳ የሚበዛው ጠበልተኛ ሲሆን፣ እርሱም ስንቁን ቋጥሮ ከቤተ ክርስቲያኑ አቅራቢያ ያርፋል። የድንች ወጥ፣ ቅንጬ፣ በሶና የገብስ ቆሎ በየቤቱ አይጠፋም፤ በቀዝቃዛ ማታ ከእሳት ዳር ጠላው ይቀዳል። ከዚህ በላይ ምቾት የፈለገ ሰው እንጅባራ ወይም ባሕር ዳር አድሮ መመላለስ ይችላል። በከተማዋ ያላደረ ግን የንጋቱን ጉምና የጠበልተኛውን ጉዞ ሳያይ ይቀራል፤ ግሽ ዓባይን ከሌላ የደጋ ከተማ የሚለየው አብዛኛው ነገር የሚከናወነው ደግሞ ፀሐይ ከመሞቁ በፊት ነው።

በቅርብ ዓመታት ይህን ጉዞ ያከበደው የጸጥታው ሁኔታ ነው። በአማራ ክልል የተነሣው የትጥቅ ግጭት ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ እስከ መታወጅ አድርሷል፤ ከዚያ ወዲህም ምዕራብ ጎጃም ግጭት ከበረታባቸው አካባቢዎች አንዱ ሆኖ ቆይቷል። መንገድ በድንገት ይዘጋል፣ መጓጓዣ ይቋረጣል፤ ጉዳቱም ከሁሉ አስቀድሞ በነዋሪው ላይ ይወድቃል። የሩቅ ጠበልተኛ ሲቀር የከተማዋ ትንንሽ ቤቶች ገቢም አብሮ ይቀራል። ስለዚህ ከዚህ በታች ስለ ወቅቶቹ የሚነገረው ሁሉ በአንድ ቅድመ ሁኔታ ላይ የቆመ ነው፤ ማንም ከመነሣቱ በፊት የመንገዱን ሁኔታ በዚያው ካሉ ሰዎች ጠይቆ ማረጋገጥ አለበት።

ምንጩ የጠበል ስፍራ ነው። ወደ እርሱ የሚቀርብ ሰው በዚያ ዕለት እህል ያልቀመሰ መሆን አለበት፤ ጫማውንም ያወልቃል። ይህን ሳያውቁ ቁርሳቸውን በልተው የደረሱ እንግዶች ከአጥሩ ውጭ ቆመው ይመለሳሉ፤ ስለዚህ ጎብኚ ማለዳ ቢሄድ ለራሱ ይቀለዋል። ስፍራው የቅዱስ ሚካኤልና የአቡነ ዘርዐ ብሩክ ነው። ገድላቸው እንደሚተርከው አቡነ ዘርዐ ብሩክ የንጉሥ ወታደሮች ሊይዟቸው በመጡ ጊዜ መጻሕፍታቸውን ለዓባይ አደራ ሰጡ፤ ከእስር ተፈትተው ሲመለሱም ወንዙ ሳያረጥብ መለሰላቸው። ዛሬ በጀሪካን ውኃ ቀድቶ ወደ ሩቅ አገር የሚወስደው ምእመን ይህን ታሪክ ያውቀዋል። ምንጩን እንደ ተራ የፎቶ ቦታ መቁጠር ያንን ሰው አለማክበር ነው።

ስፍራው ከክርስትናውም በፊት የተከበረ ነበር። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በደረሰ ጊዜ በዙሪያው የሰፈሩት አገዎች የወንዙን መንፈስ ያከብሩ፣ ከብትም ያርዱለት እንደነበር ጽፏል። ወደ ምንጩ ሲወርድ ጫማውን እንዲያወልቅ የጠየቁትም እነርሱ ነበሩ። እምነቱ ተለወጠ፣ ባዶ እግር መቅረቡ ግን እስከ ዛሬ ዘለቀ።

ከብሩስ 150 ዓመት ቀድሞ ስፔናዊው ኢየሱሳዊ ፔድሮ ፓኤዝ ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር ሲጓዝ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 21 ቀን 1618 ምንጩን አይቷል፤ በኋላም ፖርቱጋላዊው ጄሮኒሞ ሎቦ ስለዚሁ ስፍራ ጽፏል። ብሩስ እ.ኤ.አ. ኅዳር 4 ቀን 1770 ደርሶ ቀዳሚው እኔ ነኝ ለማለት የፓኤዝን ምስክርነት ተከራከረ፤ ክርክሩ አላዋጣውም። እውነቱ ከሦስቱም በላይ ነው። የአካባቢው ሰው ምንጩን ከማናቸውም በፊት ያውቀው ነበር፤ የጠፋም የተገኘም ነገር አልነበረም። በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሻለቃ ቺዝማን በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. የጣናንና የዓባይን ዙሪያ ተዘዋውሮ ሲለካ የሰከላን ደጋም በሥራው ውስጥ አካትቶታል፤ መጽሐፉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1936 ነው።

የፓኤዝና የብሩስ የመምጫ ወቅት ራሱ አንድ ነገር ያስተምራል። ፓኤዝ የደረሰው በሚያዝያ፣ በጋው ሊያልቅ ሲል ነው፤ ብሩስ ደግሞ በጥቅምት መጨረሻ፣ ክረምቱ ሳይርቅ። ፓኤዝ በምንጩ ዙሪያ ያለው መሬት ከእግር በታች እንደሚነቃነቅ ሰምቶ፣ በዚያ ዓመት ግን ዝናብ በማነሱ እንደ ወትሮው እንዳልሆነ ጽፏል። የነገሩት ሰዎች ተራራው ውኃ የተሞላ ነው ይሉ ነበር፤ በሙያ ቋንቋም ቢሆን ነገሩ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሰከላ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር የሚበልጠው ዝናብ በተሰነጣጠቀውና በበሰበሰው አለት ሰርጎ ይጠራቀማል፣ መሬቱ ዝቅ በሚልበት ስፍራም ቀስ እያለ ይወጣል። ረግረጉ የሚያብጠውና የሚጠወልገው ያንን የተጠራቀመ ውኃ ተከትሎ ነው።

መስከረም በግሽ ዓባይ ገና ክረምት ነው። በቀን መቁጠሪያው አዲስ ዓመት ቢገባም በምዕራብ ጎጃም ደጋ ዝናቡ እስከ ጥቅምት መግቢያ አይለቅም። ጧት ጉሙ ከተራራው ወገብ ላይ ይተኛል፤ ረፋድ ላይ ሲገለጥ ሜዳው በአደይ አበባ ቢጫ ሆኖ ይታያል፤ ከቀትር በኋላ ሰማዩ ዳግመኛ ይከብዳል። ቀድሞ የደረሰው ገብስ እሸት ሆኖ ይጠበሳል። ድንችም በየገበያው ይከመራል። ድንች ወደ ኢትዮጵያ የገባው በጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሺምፐር አማካይነት በ1850 ዓ.ም. ገደማ እንደሆነ ይታመናል፤ ዛሬ ግን በሰከላና በአዊ ደጋ ክረምቱ ሳያልቅ ለቤት የሚደርስለት እህል ስለሆነ የብዙ ቤት የመስከረም መሻገሪያ ነው። በዚህ ወር የሚመጣ ሰው የፕላስቲክ ቦት ጫማ ያስፈልገዋል፤ ከአስፋልቱ የሚወጣ እግረኛ መንገድ ሁሉ ማጥ ነው።

ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ኅዳር መጨረሻ ያለው ጊዜ ከዓመቱ ሁሉ ይበልጣል። ዝናቡ አየሩን አጥቦት ስለሚያልፍ ከሸንተረሩ ላይ ሆኖ ርቆ ይታያል፤ በአቧራና በጭስ ገና አልደፈረሰም። ምንጩ ሙሉ፣ ወንዙ ጥሩ፣ ሣሩ ለምለም ነው። ገብሱ በተዳፋቱ ላይ ወደ ወርቃማነት ሲያዘነብል በመካከሉ የተልባው ሰማያዊ አበባና የባቄላው አረንጓዴ ይቀራሉ። የጽጌ ወቅት ኅዳር 5 ሲያበቃ፣ ኅዳር 12 ደግሞ የቅዱስ ሚካኤል በዓል ይከተላል፤ የስፍራው በዓል እንደመሆኑ ከየአጥቢያው ሕዝብ ይወጣል። ብሩስ ያየው ግሽ ይህ ነው፤ መደሰቱን የጻፈ ሰው በሰኔ ቢደርስ ኖሮ ምን ይል እንደነበር መገመት ያዳግታል። በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ መሄድ የሚችል ጎብኚ እነዚህን ሳምንታት ቢመርጥ አይጸጸትም።

ከኅዳር ጀምሮ ሌሊቱ ይበርዳል። ሰማዩ ሲጠራ የቀኑ ሙቀት የሚይዘው ደመና ስለማያገኝ በማታ ያመልጣል፤ ጎሕ ሲቀድ በሣሩ ላይ አመዳይ ይታያል። ቀትር ላይ በሸሚዝ የዋለ ሰው ማታ ጋቢ ደርቦ ይንቀጠቀጣል። ውርጩ ለጎብኚ ውበት ሲሆን ለገበሬው ግን ስጋት ነው፤ ዘግይቶ የተዘራ ባቄላና አተር በአንድ ሌሊት ይመታል። በታኅሣሥ አጨዳው ተፋፍሞ በየአውድማው ገብስ ይወቃል፤ በሬዎች በነዶው ላይ ይዞራሉ፤ ነፋስ ሲነሣ ገለባው ከምርቱ ይለያል። ዓመቱ የሰመረላቸው ቤቶች ከገና በፊት ጎተራቸውን ይሞላሉ።

ጥር የበዓል ወር ነው። ጥምቀት በ11፣ የቃና ዘገሊላና የሚካኤል በዓል በ12፣ የአቡነ ዘርዐ ብሩክ ዕረፍት በ13 ተከታትለው ስለሚውሉ ግሽ ዓባይ በዓመቱ ውስጥ ከሁሉ የበለጠ ሕዝብ የምታየው በእነዚህ ሦስት ቀናት ነው። ሰው በእግር፣ በበቅሎ፣ በሚኒባስና በጭነት መኪና ይመጣል። ሌሊቱን በመዝሙርና በማሕሌት ያነጋል። ማለዳ በብርዱ ውስጥ ጠበሉን ለመጠመቅ የተሰለፈው ሕዝብ ነጭ ልብሱን ለብሶ ዳገቱን ይሸፍነዋል፤ የተጠመቀ ሽማግሌ በልጆቹ ተደግፎ ሲወጣ፣ እናት ሕፃኗን አቅፋ ተራዋን ስትጠብቅ ይታያል። በዚያ ሰሞን አልጋ ማግኘት ዘበት ነው። ጸጥታ ፈልጎ ተፈጥሮን ለማየት የሚመጣ ሰው ከእነዚህ ቀናት ቢርቅ ይሻለዋል፤ ስፍራው ለሕዝቡ ምን እንደሆነ ማወቅ የሚሻ ግን ሌላ ቀን አይምረጥ።

የወሩ በዓል በዚያ አያበቃም። ጥር 23 በእንጅባራ የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ዓመታዊ በዓሉን ያከብራል። ማኅበሩ የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ሲሆን፣ በዓሉ በዓድዋ ጦርነት የተሰለፉትን ፈረሶችና ፈረሰኞች ያስባል። ፈረሶቹ በቀይና በአረንጓዴ ክር፣ በቃጫና በመረሻት ተሸልመው በሜዳው ላይ ይጋልባሉ፤ ጉግሱና ሽርጡ የሜዳውን ዙሪያ የሞላውን ሕዝብ ያስጮኸዋል። በሰከላም ቢሆን ፈረስ የዕለት ረዳት ነው፤ እህል ወደ ገበያ፣ ሙሽራ ወደ ቤት፣ ሕመምተኛ ወደ መንገድ ያደርሳል፤ በበዓሉ ያጌጠው ፈረስ በማግስቱ ጆንያ ተጭኖ ይታያል። በዚያው ጉዞ ከእንጅባራ ወደ ከሣ በሚወስደው ዋና መንገድ ዳር ያለውን የዘንገና ሐይቅ ማየት ይቻላል። በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተፈጠረ ክብ ሐይቅ ሲሆን ጥልቀቱ ከ160 ሜትር ይበልጣል፤ በዳርቻው የቀረው ደን የደጋው ምድር ቀድሞ ምን ለብሶ እንደነበር ያሳያል።

የካቲትና መጋቢት ጎብኚ የማይወዳቸው ወራት ናቸው። ሣሩ ይደርቃል፤ የአቧራና የጭስ ጭጋግ አድማሱን ይከልለዋል፤ ነፋሱ ከረፋድ ጀምሮ ይነፍሳል። ቢሆንም የዚህን ምድር ኑሮ ለመረዳት ከሁሉ የሚጠቅሙት እነዚህ ናቸው፤ ለምለሙ ሲራቆት መሬቱ ምን ላይ እንዳለ ይታያልና። የሰከላና የአዊ ደጋ አፈር በዘመናት ዝናብ ስለታጠበ አሲዳማ ሆኗል። ብዙው ማሳ ኖራ ካልተነሰነሰበት ገብስና ስንዴ በወጉ አይሰጥም፤ ኖራው ደግሞ ከሩቅ የሚመጣና በኩንታል የሚፈለግ ነው። ብዙ ገበሬዎች መፍትሔውን በዛፍ አግኝተዋል። ከአውስትራሊያ የመጣው ዲከረንስ የተባለው ግራር በፋግታ ለኮማ ተጀምሮ በአዊና በአጎራባቹ ደጋ ተስፋፍቷል። በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋር ይተከላል፤ ከአራትና ከአምስት ዓመት በኋላ ተቆርጦ ከሰል ይሆናል፤ መሬቱም ተመልሶ ይታረሳል። በአስፋልቱ ዳር የተደረደሩት የከሰል ጆንያዎች የመጡት ከዚያ ነው። ለብዙ ቤት ቆርቆሮ ክዳንና የልጅ ትምህርት ያስገኘ ሥራ ሲሆን፣ በቅርብ ዓመታት ግን የዛፉ በሽታ ገቢውን አናግቶታል።

በምንጮች ዙሪያ ያለው የዛፍ ምርጫ ከገቢ በላይ ነው። ባሕር ዛፍ ቶሎ ያድጋል፣ ቶሎ ይሸጣል፤ ሥሩ ግን ረግረጉን ይጠጣል። ከብት በነፃ የሚሰማራበት መስክም በኮቴ ተጠቅጥቆ ውኃ መያዝ ያቅተዋል። የዓባይ ስም በሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት ሲዘመርለት ምንጩን የከበበው ጥቂት ሄክታር መስክ ካልታጠረና አገር በቀል ዛፍ ካልተተከለበት ፍቅሩ ጎደሎ ነው። ይህን ሸክም የሰከላ ገበሬ ብቻውን እንዲሸከመው መጠበቅም ፍርደ ገምድልነት ነው፤ የሚተወው የከብት ግጦሽና የማሳ ቦታ የእርሱ ነውና።

የዐቢይ ጾም ሲገባ ጠበልተኛው ዳግመኛ ይበዛል። እንደ ጥር ጎርፎ አይመጣም፤ ሱባኤ የያዘ፣ የታመመ፣ ስእለት ያለበት ሰው አንድ ሁለት ሳምንት ተቀምጦ በየማለዳው ይጠመቃል። በዚህ ወቅት ጣና እየጎደለ፣ ወንዞችም እየሳሱ ቢሄዱም የግሽ ምንጭ አይነጥፍም። ክረምት የተጠራቀመው ውኃ የሚታየው በበጋ ነው፤ ለጠበልተኛው ይህ የበረከት ምልክት ነው።

ሚያዝያ ላይ ደመና መሰብሰብ ይጀምራል። ፋሲካ አልፎ የመጀመሪያው ነጎድጓድ ሲሰማ የተራቆተው ተዳፋት በቀናት ውስጥ ያቆጠቁጣል። ገበሬው ማሳውን አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ ያርሳል፤ እርጥበት ባለበት ዝቅተኛ ቦታ ድንች ይተከላል። የግንቦት ዝናብ ድንገተኛ ነው፤ ፀሐይ እያበራ በአንድ ሰዓት ውስጥ በረዶ መሬቱን ያነጣል። ግንቦት ልደታ በየደጃፉ ንፍሮ ተቀቅሎ ጎረቤት ይሰበሰባል፤ በዚያ ቀን በሰፈር ውስጥ የሚያልፍ እንግዳ ሳይቀምስ አይለቀቅም። ጎብኚ የሚያንስበት ወቅት በመሆኑ ከተማዋ ለሚመጣው ሰው ጊዜ አላት፤ አስጎብኚ የሚሆን ወጣትም፣ የሚያወጋ ካህንም በቀላሉ ይገኛል።

ሰኔ 12 ሚካኤል ከተከበረ በኋላ ክረምቱ ይጫናል። በሐምሌና በነሐሴ ፀሐይ ሳትታይ ቀናት ያልፋሉ። እረኛው ከሣር የተሠራውን ገሳ ደርቦ ከብቱን ይከተላል፤ ዶፉ ሲመጣ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሞ ያሳልፈዋል። ቤት ውስጥ እሳት አይጠፋም። ብሩስ የአገዎቹ የከብት መሥዋዕት የሚቀርበው ሲርየስ የተባለው ኮከብ በጎሕ ሲታይ ነው ያለው ለዚሁ የዝናብ ወቅት የሚቀርብ ነው። መንገደኛ በክረምት ለመዝናናት ወደ ግሽ ዓባይ ቢመጣ አይመከርም፤ መንገዱ ይበላሻል፣ ጉሙ ተራራውን ይሸፍነዋል፣ በረግረጉ ላይ መቆም ያስቸግራል። ለወንዙ ግን ይህ ዋናው ወቅቱ ነው። ከየተዳፋቱ የሚወርደው ጎርፍ ቀይ አፈር ተሸክሞ ግልገል ዓባይን ያደፈርሳል፤ ወንዙ ጣና በሚገባበት ቦታ ድፍርሱ ውኃ በሐይቁ ላይ ተለይቶ ይታያል። በየዓመቱ የተራገፈው ደለልም በወንዙ አፍ ላይ አዲስ መሬት ሠርቷል። በሰከላ እርከን መሥራት ማለት ይህን አፈር ከጣና በፊት ማስቀረት ነው።

ከዚያ በታች ያለው መንገድ ረጅም ነው። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ በጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ከግሽ የወጣ ውኃ ከዚያ የሚደርሰው ጣናን አቋርጦ፣ ጎጃምን ዞሮ፣ ከብርና ከፈጣም፣ ከደዴሳና ከሌሎችም ገባሮች ጋር ተቀላቅሎ ነው። የምንጩ ድርሻ በመጠን ሲታይ እጅግ ጥቂት ነው፤ ሕዝቡ ራስ ብሎ ያከበረው ግን እርሱን ነው።

ዓመቱ በጳጉሜን ይዘጋል። ጳጉሜን 3 የቅዱስ ሩፋኤል ዕለት የሚወርደው ዝናብ እንደ ጠበል ስለሚቆጠር በመላው አገር ልጆች ልብሳቸውን አውልቀው ይጠመቁበታል፤ አምስቱን ቀን ደግሞ ትልልቆቹም ማለዳ ወንዝ ወርደው ይታጠባሉ። በግሽ ዓባይ ወራጁም ዘናቢውም ጠበል ሆኖ ይገናኛል፤ በዚያ ሳምንት የሚመጣው ሁሉ የአካባቢው ሰው ወይም ስእለተኛ ነው። በመኪና ለመምጣት ያሰበ የሩቅ እንግዳ ግን መንገዱ እስኪደርቅ፣ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ድረስ ቢታገሥ ይሻለዋል።